ከሱቅ በላይ ላለ መኖሪያ የራሱን ቆጣሪ ስለ ማስገባት

ጥያቄ፦ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው በተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ታቹ ሱቅ ላዩ መኖሪያ በሆነ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ፎቁን ከባለቤቴ ጋር ተከራይተን ከገባን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ታች ያለውን ሱቅ ደግሞ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ከእኛ መግባት አስቀድሞ ጀምሮ ይሠራበታል። የቤቱ ባለቤት ሌላ ሰፈር የሚኖሩ አዛውንት ሲሆኑ ከሁለታችንም ጋር ያላቸው ግንኙነት መልካም ነው።

ችግሩ ቤቱ በሙሉ ያለው አንድ ቆጣሪ ብቻ መሆኑ ነው። ቆጣሪው በካርድ የሚሞላ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ሲሆን የተተከለው በሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ካርዱን የሚይዘውም የሚያስሞላውም ነጋዴው ነው፤ እኛ በየወሩ ከተሞላው ገንዘብ ግማሹን እንሰጠዋለን። "ግማሽ" የሚለው ስምምነት በማን እንደተወሰነ አላውቅም፤ ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ እንዲሁ ይከፍል ስለነበር እኛም ሳንመረምር ተቀበልነው። ሱቁ ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚሠሩ ሁለት ማቀዝቀዣዎች አሉ፤ እኛ ደግሞ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባ ሁለት ሰዎች ነን። ይህን ለነጋዴው በትሕትና ባነሣለት "ምጣዳችሁስ?" ሲል መለሰልኝ። እውነቱን ለመናገር መልሱ ከንቱ አይደለም፤ በሳምንት አንድ ቀን እንጋግራለን፣ ምጣድም ብዙ ይበላል። ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም ግን ከሁለታችን አንዳችንም በቁጥር ማስረዳት አንችልም።

ነገሩ የከረረው ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካርዱ አለቀ። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ለማሳለፍ ወደ ትውልድ ቦታው ሄዶ ስለነበር ካርዱም ቁልፉም አብረውት ሄደዋል። ደውዬ አገኘሁት፣ እርሱም ከልቡ አዘነ፤ ይሁን እንጂ ማክሰኞ እስኪመለስ ድረስ ሊያደርግልን የሚችለው ነገር አልነበረም። ዶሮውን በከሰል ሠራን፣ እንጀራውን ከጎረቤት አመጣን፣ በዓሉን በሻማ አሳለፍን። በነጋዴው ላይ ቂም አልያዝኩም፤ የሰው መብራት በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ መኖር እንደሌለበት ግን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ለፎቁ ብቻ የሚያገለግል የራሱ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል ወይ? ማመልከቻውን ማቅረብ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው ወይስ ተከራይም ይችላል? ነባሩ ውል አሁንም የሚገኘው በባለቤቱ ሟች አባት ስም መሆኑ እንቅፋት ይሆን? የፎቁ መስመር ሁሉ የሚነሣው ከሱቁ ውስጥ ስለሆነ ምን ያህሉ እንደ አዲስ መዘርጋት ይኖርበታል? ባለቤቱ በሐሳቡ ተስማምተዋል፤ ነገር ግን "ወጪውንና ጣጣውን አጥንተህ አምጣልኝ" ብለውኛል። እናንተን ማስቸገሬም ለዚሁ ጥናት ነው።

መልስ፦ ባለ ቴስተሩ

ወንድሜ፣ በመስመር ዝርጋታ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ስለ ወረቀቱ ሌሎች የተሻለ ያውቁ ይሆናልና እኔ ስለ ሽቦው ብቻ ልናገር።

አዎን፣ ይቻላል፤ ነገር ግን ቆጣሪውን መትከል ከሥራው ሁሉ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ሥራ የፎቁን መስመር ከሱቁ መስመር ፈጽሞ መለየት ነው። መብራት ኃይል (ስሙ ከተለወጠ ዓመታት ቢያልፉም አፋችን አልተወውም) መስመሩን ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ድረስ ያመጣል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የውስጥ ዝርጋታ ግን የባለቤቱና እናንተ የምትቀጥሩት ባለሙያ ኃላፊነት ነው። ብዙ ሰው ቆጣሪው ከመጣ በኋላ "በሉ አገናኙልን" ይላል፤ የሚገናኘው መስመር ግን ገና አልተለየም።

በእርስዎ አካባቢ ያሉ አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ ሲሠሩ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነበሩ። ታችኛው ክፍል ወደ ሱቅ ሲለወጥ፣ ከዚያም ፎቁ ለሌላ ሰው ሲከራይ፣ በየጊዜው የመጣው ሠራተኛ ከቅርብ ካገኘው ቦታ ሽቦ እየሳበ ሄዷል። ከዚህ የተነሣ የላይኛው መኝታ ቤት መብራት ከሱቁ ብሬከር (የመስመር ማጥፊያ)፣ የሱቁ የጓሮ መብራት ደግሞ ከፎቁ ብሬከር ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የኒውትራሉ፣ ማለትም በፌዙ ሽቦ የመጣው ኃይል የሚመለስበት ሽቦ፣ ነገር ነው። ፌዙ ተለይቶ ሲያበቃ ኒውትራሉ በጋራ ይቀራል፤ መብራቱ ስለሚበራ ማንም ነገሩን አያስተውለውም። ሁለት ቆጣሪ ሲተከል ግን በፎቁ ቆጣሪ ፌዝ በኩል የወጣው ኃይል በሱቁ ቆጣሪ ኒውትራል በኩል ይመለሳል። ከዘመናዊዎቹ ቆጣሪዎች ብዙዎቹ የሚወጣውንና የሚመለሰውን ያነጻጽራሉ፤ ሁለቱ ካልተካከሉ አንድ ሰው ቆጣሪውን እንደነካካው አድርገው ይመዘግባሉ። እርስዎ ንጹሕ ሆነው ሳለ በስርቆት ሊጠረጠሩ ይችላሉ ማለት ነው። ለሕይወትም ያሰጋል፤ የሱቁን ብሬከር አጥፍቶ ሽቦ የሚፈታ ሠራተኛ ከላይ በሚመለሰው ኃይል ሊያዝ ይችላል።

ስለዚህ ለባለቤቱ ጥናት ከማቅረብዎ በፊት ከነጋዴው ጋር ተስማምተው አንድ ምሽት ይህን ይሞክሩ። ሱቁ ሲዘጋ የፎቁን ዕቃ ሁሉ ያብሩ፤ ከዚያ በሱቁ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ብሬከሮች አንድ በአንድ እያጠፉ፣ ላይ ያለው ሰው የትኛው ክፍል እንደጠፋ በወረቀት ይጻፍ። ቀጥሎ በተቃራኒው የፎቁን ዕቃ በሙሉ ከሶኬት ነቅለው፣ የሱቁንም ማቀዝቀዣዎች ለአፍታ አስጠፍተው ቆጣሪውን ይመልከቱ። ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት እየቆየችም ቢሆን ብልጭ ማለቷን ከቀጠለች፣ ሁለታችሁም የማታውቁት የሚበላ ነገር አለ። የደረጃ መብራት፣ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ፣ ወይም ከጓሮ ያለ ክፍል ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ መስመር መለየት ጠብን ከአንድ ቆጣሪ ወደ ሁለት ቆጣሪ ማዛወር ነው።

ዝርጋታውን በሚመለከት፣ ለሁለት ሰው መኖሪያ ሲንግል ፌዝ (ፌዙ አንድ ብቻ የሆነ መስመር) ከበቂ በላይ ነው። ለምጣዱ የራሱን መስመር ያውጡለት። ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ስለሆነ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ይህንንም ለሰዓት ለሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ። 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ እና የ20 አምፔር ብሬከር ለእርሱ ብቻ ይሁን። ለሶኬቶች 2.5፣ ለመብራት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃል፤ ከቆጣሪው ወደ ፎቁ የሚወጣው ዋና መስመር ግን 10 ይሁን። የሽቦ ዋጋ ስለከበደ ባለቤቱ "6 አይበቃም?" ሊሉ ይችላሉ። ምጣዱ፣ ምድጃውና የውኃ ማሞቂያው በአንድ ጊዜ የሚበሩበት ቀን ይመጣልና አይስማሙ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የምድር ሽቦ (ያመለጠ ኃይል ሰው ሳይዝ ወደ መሬት የሚወርድበት) ስለሌላቸው፣ ግድግዳው አንዴ ከተነካ አብሮ ይቀበርላቸው።

ቆጣሪው የሚተከለው ሱቁን ሳያልፉ በሚደርሱበት ቦታ፣ ለምሳሌ በደረጃው መግቢያ ወይም በውጭው ግድግዳ ላይ፣ ዝናብ በማይነካው ሳጥን ውስጥ እንዲሆን አጥብቀው ይጠይቁ። የእርስዎ የፋሲካ ታሪክ ግማሹ የቆጣሪው ቁጥር ማነስ ቢሆን ግማሹ የቦታው ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። "ከቆጣሪው በፊት ካለው መስመር ስቤ በአንድ ቀን ልገላግልህ" የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ስርቆት ነው፤ ቤቱም ከተቃጠለ የሚጠየቀው ያስሠራው ነው።

መልስ፦ ከጎላ ሚካኤል

እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ጉዳይ ጨርሻለሁ፤ የእኔ ቤት ግን የቀበሌ ቤት ስለሆነ ልዩነቱን ልብ ይበሉ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረሱ፣ በመሀል ከተማ ያሉ ብዙ ፎቅ ቤቶች ታቹ ለአንዱ ላዩ ለሌላው ተሰጥተው፣ እያንዳንዱ የራሱ የቤት ቁጥርና የኪራይ ውል አለው። እንዲህ ባለው ቤት ተከራዩ ከወረዳው ጋር ባለው ውል ማመልከት ይችላል። የእርስዎ ግን በአንድ ካርታ የሚገኝ የግል ይዞታ ስለሆነ፣ አመልካቹ ባለቤቱ ቢሆኑ መንገዱ ይቀናል። እርስዎ በውክልና ሊያስፈጽሙላቸው ይችላሉ።

እኔ የተጠየቅኋቸው የቤቱን ይዞታ የሚያሳይ ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የነባሩ ቆጣሪ የውል ቁጥርና ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ደረሰኝ ነበሩ። ዋናውንም ቅጂውንም ይዘው ይሂዱ። የትኛው የመብራት ኃይል አገልግሎት ማዕከል ቤትዎን እንደሚያስተናግድ ካላወቁ በጥሪ ማዕከሉ በ905 ደውለው ይጠይቁ። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ባለሙያ መጥቶ ከምሰሶው እስከ ቤቱ ያለውን ርቀትና ቆጣሪው የሚተከልበትን ቦታ ያያል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ግምት ይወጣል፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ ውል ይፈረማል፣ ከዚያ ተከላው ይከተላል። ግምቱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ የእኔን ቁጥር እዚህ ብጽፈው ያሳስትዎታል እንጂ አይጠቅምዎትም።

እኔን ያዘገየኝ የራሴ ስንፍና ነው። የኪራይ ውሌ ላይ የተጻፈው የቤት ቁጥር በስህተት የታችኛው ክፍል ቁጥር ነበር፤ ለዓመታት ኪራይ ስከፍልበት አንድም ቀን አላነበብኩትም። ውሉን አስተካክሎ ለመመለስ ከአንድ ወር በላይ ፈጀብኝ። ስለዚህ የእርስዎን ውል ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡት። የተከራዩት "ፎቁ" መሆኑ፣ አገልግሎቱም "መኖሪያ" መሆኑ በግልጽ ተጽፏል? በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ስላለበት፣ ምናልባት በቃል ብቻ ከሆነ ይህን አጋጣሚ ለዚያም ይጠቀሙበት።

ባለሙያው ሲመጣ ቤት ተገኝተው ፎቁን አስገብተው ያሳዩት። ከመንገድ ሲታይ ቤቱ ሱቅ ነው፤ ማንም ሰው ውጭ ቆሞ ቢያየው "ንግድ" ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። አልጋውንና ማእድ ቤቱን ሲያይ ግን ነገሩ ያለ ክርክር "መኖሪያ" ይሆናል። ይህ አንድ ቃል በየወሩ ስንት ብር እንደሚያስከትል ከእኔ የተሻለ የሚያሰላ ሰው ካለ ያስረዳዎት።

ስለ ሟቹ ስም፣ ካርታው በአሁኑ ባለቤት ስም ዞሮ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ለአዲሱ ቆጣሪ በራሳቸው ስም ያመለክታሉ፣ የነባሩንም ውል በዚያው ስም ያዛውራሉ። ካርታውም በሟች ስም ያለ ከሆነ ግን የወራሽነት ማስረጃና የስም ዝውውር መቅደም አለባቸው፤ እርሱን የሚያጣድፍ መንገድ የለም። ሌላው፣ ከሁሉ በፊት ወረዳው ዘንድ ሄደው ቦታው ለመልሶ ማልማት የተያዘ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ፒያሳና ካዛንቺስ ምን እንደሆኑ ሁላችንም አይተናል፤ ለሽቦና ለግድግዳ ልስን ገንዘብ አፍስሶ በዓመቱ ዕቃ መጫን የሚያሳዝን ነገር ነው።

መልስ፦ አከራይ

እኔም በተመሳሳይ ቤት አከራይ ነኝና፣ አዛውንቱ ሳይናገሩት በልባቸው የያዙት ነገር ካለ ልንገርዎት።

አከራይ ስለ ሁለተኛ ቆጣሪ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ዕዳ ነው። ተከራይ በስሙ ቆጣሪ አስገብቶ፣ ጥቂት ወራት ሳይከፍል ቆይቶ ቢወጣ፣ ሰውየው ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን ግድግዳዬ ላይ ይቀራል። ቀጣዩ ተከራይ ሲገባ መብራቱ ተቆርጦ ያገኘዋል፤ የማያውቁትን ሰው ዕዳ ሳይከፍሉ ማስቀጠል ደግሞ ያስቸግራል። ይህ በእኔ ላይ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ስለዚህ ቆጣሪው በባለቤቱ ስም ይሁን ብለው ራስዎ ቢጀምሩላቸው ግማሹን ሥጋት አነሡላቸው ማለት ነው። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ሥጋቱ ይበልጥ ይቀላል፤ ያልሞላ አይጠቀምምና የሚከማች የፍጆታ ዕዳ አይኖርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ወጪው ነው። በእኔ አስተያየት ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ክፍያ፣ ዋናው መስመርና የምድር ሽቦው ከቤቱ ጋር የሚቀሩ ስለሆኑ የባለቤቱ ድርሻ ናቸው። እርስዎ አስቀድመው ከከፈሉ ደግሞ ከኪራዩ በየወሩ እንዲቀነስ በጽሑፍ ይስማሙ። "በቃላችን እንተማመናለን" የሚለው አነጋገር ደግ ነው፤ ነገር ግን አዛውንቱ ነገ በልጆቻቸው ቢተኩ ልጆቹ ቃሉን አልሰሙትም። በውሉ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ማንንም አያስከፋም።

ነጋዴውንም አይርሱት። እርሱ እስከ ዛሬ ግማሹን ሲያገኝ ኖሯል፤ መስመሩ ሲለይ የእርሱ ወጪ ሊጨምር ስለሚችል በሩን ለሠራተኛ ለመክፈት ቢያንገራግር አይግረምዎት። ለእርሱ የሚጠቅመውን ነገር ይንገሩት። ማቀዝቀዣዎቹ ባሉበት መስመር ላይ የእርስዎ ምጣድ ሲበራ ኃይሉ ይዋዥቃል፤ ማቀዝቀዣ ደግሞ እንዲህ ያለውን አይወድም። የአንዱ ማቀዝቀዣ መጭመቂያ (ኮምፕረሰር) ቢቃጠልበት የሚያወጣው ገንዘብ ከመብራት ሒሳብ ጋር አይወዳደርም።

እኔ ራሴ ይህን ሁሉ የተማርኩት የታችኛው ሱቅ በግብር ክርክር ታሽጎ፣ ላይ ያለው ቤተሰብ ቆጣሪው ጋር መድረስ አቅቶት ሲቸገር ካየሁ በኋላ ነው። የታሸገ በር በአከራይም በተከራይም እጅ አይከፈትም።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛው

ስለ ታሪፉ የቀረበውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው።

ለመኖሪያ ቤት የተመደበው ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ይከፍላል፣ ብዙ የሚጠቀም ደግሞ በከፍተኛው እርከን ይከፍላል። ለንግድ የተመደበው አጠቃላይ ታሪፍ ግን እርከን የለውም፤ ከመጀመሪያው ኪሎዋት ሰዓት ጀምሮ አንድ ዋጋ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ስለተደረገ፣ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ነገ ያረጃል። ስለዚህ ልዩነቱን ለማሳየት ከዚያ በፊት በነበረው ታሪፍ ላስላ። በዚያ ጊዜ ለመኖሪያ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት 0.2730 ብር፣ ከ51 እስከ 100 ድረስ 0.7670 ብር ነበር፤ የንግዱ ደግሞ 2.1240 ብር። በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በንግድ ቆጣሪ ሥር ሆኖ 191 ብር ከ16 ሳንቲም ይከፍላል። ይኸው ፍጆታ በመኖሪያ ታሪፍ፣ ሁሉም በ0.7670 ቢታሰብ እንኳ፣ ከ69 ብር ከ3 ሳንቲም አይበልጥም። ከዚህ ላይ ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያ ቢጨመርበትም ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። የጋራ ቆጣሪያችሁ ምናልባት በሟች አባት ስም እንደ መኖሪያ የተመዘገበ ከሆነ፣ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። የሱቁ ማቀዝቀዣዎች ፍጆታውን ከፍ እያደረጉ ሁለታችሁንም ወደ ላይኛው እርከን ይገፏችኋል፤ እርስዎ ብቻዎን ቢሆኑ በዝቅተኛው ይቆዩ ነበር። በሁለቱም መንገድ ተጎጂው ፎቁ ነው። በዚህ ሁኔታ ሱቁም በመኖሪያ ታሪፍ እየነገደ ስለሆነ፣ የሚለየው መስመር ምድቡንም እንደሚያስተካክል ባለቤቱ አስቀድመው ይወቁት፤ በኋላ "ነገር አመጣህብኝ" እንዳይባሉ።

አዲሱ ቆጣሪ እስኪገባ ድረስ ግን "በግማሽ" መክፈልዎን ያቁሙ። በባለሙያ ወደ ፎቁ በሚወጣው መስመር ላይ የውስጥ ቆጣሪ፣ ማለትም ለእናንተው ማካፈያ የሚሆን የግል ቆጣሪ፣ ያስገጥሙ፤ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል። የማካፈሉ ዘዴ ቀላል ነው። ነጋዴው ካርዱን ሲያስሞላ የሚሰጠው ደረሰኝ የተከፈለውን ብርና የተሞላውን ኪሎዋት ሰዓት ያሳያል። ብሩን በኪሎዋት ሰዓቱ ሲያካፍሉ የአንዱ ዋጋ ይገኛል፤ ያንን በውስጥ ቆጣሪው ንባብ ያባዙት። ታሪፉ ስንት እንደደረሰ ማንም መከራከር አያስፈልገውም፤ የአገልግሎት ክፍያውም በዚያው ውስጥ ተካቶ ይከፋፈላል። ንባቡን በወሩ መጨረሻ ሁለታችሁ ባላችሁበት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ያዙት።

የውስጥ ቆጣሪው ትክክል መቁጠሩን ለማወቅ 2,000 ዋት የሆነ ማሞቂያ ብቻውን ለግማሽ ሰዓት ያብሩ፤ ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት መቁጠር አለበት። የምጣዱንም ክርክር በዚሁ መፍታት ይችላሉ። 3,500 ዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳያቋርጥ ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ከጋገራችሁ በወር ከ21 እስከ 26 ይደርሳል። ነጋዴው የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ እርስዎም የሚያስቡትን ያህል ትንሽ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ። የሚከፋፈለው የተከፈለው ገንዘብ ብቻ ይሁን። ባለ ቆጣሪው በላዩ ትርፍ ጨምሮ ማስከፈል ከጀመረ፣ ኤሌክትሪክ መሸጥ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ያስታውሱት።

የጠያቂው ምላሽ፦ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባለ ቴስተሩን ሙከራ ትናንት ማታ ከነጋዴው ጋር አደረግነው፤ ባለቤቴ ላይ ሆና እየጮኸች፣ እኔ ታች ሆኜ እየጻፍኩ። ውጤቱ ሁለታችንንም አስገረመን። የእኛ ሳሎን መብራትና አንድ ሶኬት የሚነሡት ከሱቁ ማቀዝቀዣዎች ብሬከር ነው። የሁለታችንም ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ ሳለ ደግሞ ቀይዋ መብራት ብልጭ ማለቷን አላቆመችም። ሽቦውን ተከትለን ስንሄድ ከጓሮ ወዳለው የውኃ ፓምፕ ደረስን። ፓምፑ ወደ ጣሪያው ታንከር ውኃ የሚገፋ ሲሆን፣ ታንከሩ ለእኛም ለሱቁም ለጎረቤት ግቢም ያገለግላል። የጎረቤቱን ግቢ እስከ ዛሬ እኛና ነጋዴው ውኃ ስናጠጣው ኖረናል።

የኪራይ ውሌንም አነበብኩት፤ "ፎቁን" ይላል፣ "ለመኖሪያ" የሚለው ግን የለበትም። ካርታው በአሁኑ ባለቤት ስም መዞሩን አረጋግጫለሁ። ነጋዴው ስለ ማቀዝቀዣዎቹ የተባለውን ሳነብለት፣ ሠራተኛ በሚመጣበት ቀን ሱቁን ቀደም ብሎ እንደሚከፍት ቃል ገባልኝ፤ የውስጥ ቆጣሪውንም በዚህ ሳምንት እናስገጥማለን።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ፓምፑ ነው። ወደ እኛ አዲስ ቆጣሪ ይዙር ወይስ በሱቁ ላይ ይቆይ?

መልስ፦ ባለ ቴስተሩ

ከሁለቱም ላይ አይሁን ማለት እወድ ነበር፤ ለአንድ ፓምፕ ሦስተኛ ቆጣሪ ማስገባት ግን ብዙ ነው። የፓምፑን መስመር ወደ እናንተ ቆጣሪ አዙሩትና የገዛችሁትን የውስጥ ቆጣሪ ሥራው ሲያበቃ ነቅላችሁ በእርሱ ላይ ትከሉት፤ ንባቡን ለሦስት አካፍሉ። በእናንተ ላይ እንዲሆን ያልኩበት ምክንያት ሱቅ በበዓል ይዘጋል፣ ውኃ ግን በበዓልም ያስፈልጋል። የጎረቤቱን ግቢ ባለቤት ከመስመሩ ዝርጋታ በፊት አነጋግሩት፤ ፓምፑ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።